የላኪ ዕዳ

ላኪና ተላኪ የሌለበት ማኅበር በዓለም ላይ አይገኝም። አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት፥ ነጋዴ ወኪሉን ወደ ሩቅ ገበያ፥ ጳጳስ ካህኑን ወደ ገጠር ደብር፥ መንግሥት ሹሙን ወደ ጠረፍ ይልካል። በመላክም ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ያልተካከለ ነገር አለ፤ ይኸውም ዐሳቡ የላኪው ሲሆን ድካሙ የተላኪው መሆኑ ነው። ላኪው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ሐሩሩንና ውርጩን፥ ጥሙንና ንዳዱን የሚቀበለው ግን የተላኪው ሥጋ ነው። እንግዲህ በመላኩ ምክንያት የተላኪው ሥጋ ቢጐዳ ዕዳው የማን ነው? ደመወዙን የከፈለ ላኪ ከዕዳው ነጻ ወጥቷልን? ወይስ ከደመወዝ ሌላ የሚጠየቅበት ነገር አለ?

ጥያቄው የቈየ ነው፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ሰውን ከምድር አውጥተው ወደ ጠፈር መላክ ከጀመሩ ወዲህ ግን በአዲስ መልክ ተነሥቷል። ናሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር መሥሪያ ቤት እ. ኤ. አ. በ2005 የሰው ጤና በረዥም የጠፈር ጕዞ ምን እንደሚሆን የሚመረምር አንድ ክፍል አቋቁሞ በያመቱ ከሕዝብ ግብር ገንዘብ ይመድብለታል። የመሥሪያ ቤቱ ጠቅላላ በጀት እ. ኤ. አ. በ2024 ወደ 25 ሺሕ ሚሊዮን ዶላር የተጠጋ ነበር፤ ለዚህ ምርምር የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ቅሉ ገንዘቡ ብዙ ሚሊዮን ነው፤ የሚጓዙት ሰዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፥ በሰመራም ቢሆን፥ የተማረ ሰው ይህን ወሬ በሰማ ጊዜ፥ «በምድር ያለው ሕመምተኛ ሳይድን በሰማይ ለሚዞረው መድኀኒት መፈለግ ምን ዐይነት ፍርድ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከመፍረድ አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ጠቢባኑ ተጓዡን የሚያገኙትን አደጋዎች አምስት አድርገው ቈጥረዋቸዋል። መጀመሪያው ጨረር ነው፤ በምድር ላይ ሰውን እንደ ጋሻ የሚከልሉት አየሩና የማግኔቱ ኀይል በሩቅ ጠፈር አይገኙምና። ሁለተኛው ከዘመድና ከወዳጅ ተለይቶ በጠባብ ቤት ተዘግቶ መኖር ነው። ሦስተኛው ርቀት ነው፤ ወደ ማርስ የሚሄድ መንኰራኵር ለመድረስ ብቻ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጅበታል፥ ኮከቡ እጅግ በራቀ ጊዜም ከዚያ የተነገረ ቃል በራዲዮ ምድር እስኪደርስ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ያልፋል። በዚያ የታመመ ሰው ሐኪሙን ጠይቆ መልሱን እስኪሰማ ከግማሽ ሰዓት በላይ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። አራተኛው የክብደት መጥፋት ነው። አምስተኛውም ሰው በእጁ ባዘጋጀው አየርና ውሃ ብቻ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ መኖሩ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ክብደት ማጣት በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጕዳት በተለይ ያስደንቃል። ሰው በምድር ላይ ሲቆምና ሲሄድ አጥንቱ የገላውን ሸክም ይሸከማል፤ በመሸከሙም ይጸናል። ሸክሙ በቀረለት ጊዜ ግን የወገቡና የጭኑ አጥንት በየወሩ ከመቶ አንድ እጅ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ፥ እየሳሳ ይሄዳል። ለዚህም መከላከያ ይሆን ዘንድ ተጓዦቹ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ገላቸውን በብርቱ እንቅስቃሴ ያደክማሉ። ቫሌሪ ፖልያኮቭ የሚባል ሩስያዊ ሐኪም እ. ኤ. አ. ከጥር 1994 እስከ መጋቢት 1995 ድረስ 437 ቀን ሳያቋርጥ በጠፈር ተቀመጠ፤ ሐኪም ሳለ የገዛ ሥጋውን መመርመሪያ አደረገው። ወደ ምድር በተመለሰ ጊዜም ከመንኰራኵሩ ወጥቶ በእግሩ ወደ ተዘጋጀለት ወንበር ሄደ፤ የሰው ገላ ወደ ማርስ የሚያደርሰውን ጕዞ ሊችል እንደሚችል በራሱ ለማሳየት ፈልጎ ነበርና።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ. ኤ. አ. በ2020 ሐኪሞች በጻፉት ታሪክ እንደ ተነገረው፥ በጠፈር ጣቢያ ሁለት ወር ያህል የቈየ አንድ ተጓዥ በአንገቱ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘበት። ተጓዡ አንዳች ሕመም አልተሰማውም ነበር፤ ነገሩ የተገኘው ለምርምር ተብሎ በአልትራሳውንድ መሣሪያ በተመረመረ ጊዜ ነው። በጣቢያው የነበረው መድኀኒት ጥቂት ስለ ነበረ እየቈጠቡ ሰጡት፤ ኋላም በጭነት መንኰራኵር ሌላ መድኀኒት ደረሰለት። ከዚህ ታሪክ አንድ ታላቅ ነገር ይታያል፤ ለምርምር ተብሎ ባይፈተሽ ኖሮ ያ ሰው አደጋውን ተሸክሞ ሳለ ላኪዎቹ «ደኅና ነው» እያሉ ይኖሩ ነበር።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ነቃፊው የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። በአፋር ምድር አንዲት በምጥ የተያዘች ሴት በሐሩር ብዙ መንገድ ተጕዛ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ስትወሰድ፥ በሌላ ዓለም ደግሞ ስለ ጥቂት ተጓዦች አጥንት መሳሳት ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ፍጥረት ሲሆኑ የአንዱ ሥጋ በወርቅ፥ የሌላው በገለባ የተመዘነ ይመስላል። ይህን አይቶ የማያዝን ሰው ልቡ የደነደነ ነው።

ይሁን እንጂ ሐዘን ብቻውን ፍርድ አይሆንም። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ አንዱ ምጽዋት፥ ሁለተኛው ዕዳ ነው። ምጽዋት ለተቸገረ ሁሉ ይሰጣል፤ ብዙ የተቸገረም አስቀድሞ ይገባዋል። ዕዳ ግን በችግር መጠን አይለካም፤ ለማን እንደሚገባ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንድ ባለጠጋ የሠራተኛውን ደመወዝ ነሥቶ ለድኻ ቢሰጠው መጸወተ አይባልም፤ የሰው ገንዘብ ሰጠ ይባላል እንጂ። መንግሥትም ሰውን ወደ ሞት አጠገብ ከላከው በኋላ ስለ ሥጋው የሚያወጣው ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፥ ቅንጦትም አይደለም፤ በላከበት ቀን የገባው ዕዳ ነው። «አይላክ» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ይህ ክርክርም ጥሩ ምክንያት አለው። «ይላክ፥ ነገር ግን ምን እንደሚያገኘው አይመርመር» የሚል ግን ከሁለቱም ወገን ጽድቅ የለውም።

በቅዱሳት መጻሕፍት የሁለት ዐይነት ላኪዎች ታሪክ አለ። ዳዊት ኦርዮን ወደ ጦሩ ሲመልሰው የሞቱን ትእዛዝ በደብዳቤ ጽፎ በገዛ እጁ አስያዘው፤ ተላኪው ያላወቀውን ላኪው ያውቅ ነበር፥ በደሉም ይህ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በኤፌሶን ያቆመውን ጢሞቴዎስን ስለ መንጋው ጥበቃ እየመከረ ሳለ፥ የሆዱንና የዘወትር ሕመሙን ነገር ሳይረሳ የሚጠጣውን እስከ መምከር ደረሰ። ስለ ታላቅ ነገር የሚጽፍ ላኪ ስለ ተላኪው ሆድ ማሰቡ ታላቅነቱን አላጐደለበትም። በነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ላኪ አለ፤ እርሱም የተላኪውን ጕዳት ያላወቀ፥ ያላወቀውም ስላልጠየቀ የሆነ ነው። እንዲህ ያለው ላኪ ራሱን እንደ ንጹሕ ይቈጥራል። ነገር ግን መጠየቅ የሚችል ሰው ባለመጠየቁ የቀረበት ዕውቀት ንጽሕና አይሆንለትም። ስለ ጤና ምርምር ገንዘብ መመደብ ማለት በዚህ ዘመን ቋንቋ «ተላኪዬ ምን አገኘው?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው።

ይህ ሕግ እውነት ከሆነ በሰማይ ብቻ ሳይሆን በምድርም ሊሠራ ይገባዋል። በኢትዮጵያም ለመፈተኛው የአዋሽ ሸለቆ የተመቸ ነው፤ እጅግ ብዙ ሰው በሌላ ሰው ፈቃድ ተልኮ የገባበት ምድር ነውና። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ዳርቻ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከላይ እስከ ታች በወንዙ ዳር ያሉት ከተሞች ስለ ላኪና ስለ ተላኪ የየራሳቸውን ይመሰክራሉ።

በላይኛው ሸለቆ የወንጂ የስኳር እርሻ አለ። ፋብሪካው እ. ኤ. አ. በ1954 በሆላንድ ኩባንያ ተከፍቶ ሥራ በጀመረ ጊዜ ከከምባታና ከሐዲያ፥ ከሌላውም አገር ብዙ ሠራተኛ መጣ። የሚጠጣውም ውሃ ከጕድጓድ የሚቀዳ ነበረ። በስምጥ ሸለቆ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። ይህም በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን የሚያጸና፥ ሲበዛ ግን ጥርስን የሚያበላሽ ነው፤ ሰው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሲጠጣውም አጥንትን የሚያደድርና አከርካሪን የሚያደርቅ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ልክ በሊትር 1 ነጥብ 5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ የያዙ ጕድጓዶች ብዙ ናቸው። ከወንጂ ሠራተኞች መካከልም በጡረታ ዘመናቸው ወገባቸው የጐበጠና አንገታቸው አልዞር ያለ ተገኙ። እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልንጀሮቻቸው ይህን በሽታ በስምጥ ሸለቆ እየተከታተሉ መርምረው ጻፉት።

ሁለቱን አጥንቶች ማስተያየት ይገባል። በጠፈር ያለው አጥንት ሸክም በማጣት ይሳሳል፤ በወንጂ ያለው አጥንት ውሃ በመጠጣት ይደድራል። ሁለቱም በመላክ ምክንያት የመጡ ናቸው። ነገር ግን የጠፈሩ ተጓዥ ከመሄዱ በፊት አጥንቱ ተለክቷል፥ በሄደበትም ተለክቷል፥ ከተመለሰ በኋላም ይለካል። የሸንኮራው ሠራተኛ አጥንት ግን የተመረመረው ከጐበጠ በኋላ ነው። በዚህ ላይ የሚያስደንቀው፥ ፍሎራይዱን ከውሃ ለማውጣት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ተቃጥሎ የከሰለ የከብት አጥንት መሆኑ ነው። መድኀኒቱ በየመንደሩ ከሚጣለው ነገር ይገኝ ነበር፤ የጐደለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከወንጂ ወደ ታች ሲወርዱ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይገኛል። ይህ ከተማ ከባቡሩ ጋራ የተወለደ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እ. ኤ. አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የአዋሽ ጣቢያ በመንገዱ ላይ የመንገደኛ ማረፊያ ሆነ። ሐዲድ የሚጠግነው፥ ባቡር የሚነዳው፥ ትኬት የሚቈርጠው ሁሉ በሌላ ሰው ፊርማ ወደዚያ ቆላ የወረደ ነበረ። አሁንም የአዲሱ ባቡርና የጭነት መኪናው መንገድ በዚያ ያልፋል። ከዚያም አውራ ጎዳናው ወደ ሰሜን ታጥፎ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሰመራ ይደርሳል።

ሰመራ የመላክን ነገር ከሁሉ ይልቅ የምታሳይ ከተማ ናት። ከአሳይታ ቀጥላ የአፋር ክልል መቀመጫ የሆነችው በመንግሥት ዐሳብና ትእዛዝ ነው። በበጋው ሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ቢሮዎች፥ ዩኒቨርሲቲና የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ መምህሩ፥ ሐኪሙ፥ መሐንዲሱና ጸሓፊው ከየአገሩ በደብዳቤ ተመደበባቸው። ለነዚህ ሰዎች በደመወዛቸው ላይ የበረሃ አበል ይታሰብላቸዋል። አበሉ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን አበልና ምርምር አንድ እንዳልሆኑ ማስተዋል ይገባል። አበል ጕዳት እንዳለ አምኖ ዋጋውን ይከፍላል፤ ጕዳቱ ምን እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም። ለዐሥር ዓመት በሐሩር የሠራ ሰው ኵላሊቱ ምን ሆነ? የጕድጓድ ውሃ የጠጡት ልጆቹ ጥርሳቸውና አጥንታቸው እንዴት ነው? በሐሩሩ ወራት ያረገዘች መምህርት ምን ይደርስባታል? እነዚህን ጥያቄዎች አበል አይመልሳቸውም። እንዲያውም የከፈለ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ከመጠየቅ ስለሚያርፍ፥ አበል አንዳንድ ጊዜ የዝምታ ዋጋ ይሆናል።

እስከዚህ የተባለው ስለ ተላኩት ነው። ነገር ግን በአዋሽ ሸለቆ ማንም ያልላካቸው፥ ከጥንት ጀምሮ በዚያው የተወለዱ የአፋር ሰዎች አሉ። ዕዳ ለተላኪ ብቻ ከሆነ እነርሱ ከቍጥር ይወጣሉን? እንዲህ የሚል ሰው የነዌንና የአልዓዛርን ታሪክ ያስታውስ። ነዌ ለአልዓዛር በውል የገባው ዕዳ አልነበረበትም፤ አልዓዛር ግን በደጁ ተኝቶ ነበር፥ ነዌም የተፈረደበት በዚያው ነው። በአፋር ምድር ግን ነገሩ ከዚህ ይብሳል። በደጅ የቆመው እንግዳው ነው፤ የቤቱ ባለቤት አፋሩ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ. ም. ከተቋቋመ ወዲህ በወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ ብዙ መሬት ሲታረስ፥ አርብቶ አደሩ በድርቅ ወራት ከብቱን የሚያሰማራበትን ሣር አጥቷል። ስለዚህ በዚያ ምድር የሚሠራ ሁሉ ከላኪነቱ ዕዳ በላይ የእንግዳነት ዕዳ ደግሞ አለበት።

የእንግዳነትን ዕዳ እንዴት መክፈል እንደሚገባ አፋሮች ራሳቸው የሚያስተምሩበት ሥርዐት አላቸው፤ ስሙም ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ፥ ባይተዋወቁም እንኳ፥ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዝናም የት እንደ ጣለ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ማን እንደ ታመመ፥ የትኛው መንገድ ሰላም እንደ ሆነ። ያየውን የሚደብቅ ወይም ያላየውን የሚጨምር ሰው እጅግ ይነወራል። በዚህ ሕግ መሠረት ዕውቀት ያወቀው ሰው ብቻ ሀብት አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ የሚከፍለው ዕዳ ነው።

ይህ ሥርዐት ለጠፈር ምርምርም የተሠራ ይመስላል። በአፋር ሰሜን በዳናክል ዝቅታ ዳሎል የሚባለው ስፍራ፥ በጨውና በአሲድ በሚፈላ ምንጩ ምክንያት፥ እ. ኤ. አ. ከ2016 ወዲህ የአውሮፓ ጠቢባን በማርስ ሕይወት ሊገኝ ይችል እንደ ሆነ የሚያጠኑበት ሜዳ ሆኗል። እ. ኤ. አ. በ2019 አንደኛው ወገን በዚያ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ወገን እጅግ አሲድ በበዛበት ውሃ ውስጥ ሕይወት የለም ብሎ ጻፈ። ክርክሩ መልካም ክርክር ነው። በዚያው ሐሩር ግን ጨው እየቈረጠ በግመል የሚጭን ሰው አለ፤ እርሱ ሕያው መሆኑ ክርክር አያስፈልገውም። ለማርስ ሲባል በዳሎል ያለፈ ምርምር፥ የጨው ቈራጩን ዐይንና ኵላሊት፥ ቆዳና ልብ ሳይጠይቅ ቢመለስ ዳጉን አፍርሷል ማለት ነው።

ዕውቀቱ ወደ ባለቤቱ ሊመለስ እንደሚችል ከሩቅ አገር የተገኘ ምስክር አለ። እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ናሳ የጠፈር ተጓዦችን ከሩቅ ለማከም ያሰበውን ዘዴ በምድር ለመፈተን ፈልጎ በአሪዞና በረሃ የሚኖሩትን፥ ያን ጊዜ ፓፓጎ ይባሉ የነበሩትንና ራሳቸውን ቶሆኖ ኦኦድሃም ብለው የሚጠሩትን ሕዝብ መረጠ። የምርመራ ዕቃ የተጫነ መኪና በተበታተኑት መንደሮች እየዞረ፥ ሐኪሙ በሩቅ ሆስፒታል ተቀምጦ በቴሌቪዥንና በራዲዮ በሽተኛውን ያይና ይመክር ነበር። ለሰማይ የታሰበው መጀመሪያ በበረሃ ያለውን በሽተኛ አገለገለ። የሙከራው ዘመን ሲፈጸም ግን ሥራውም አብሮ ቆመ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ አንደኛው ምርምሩ ለበረሃ ሰው ሊጠቅም እንደሚችል፥ ሁለተኛው በሌላ ዐሳብ የመጣ ጥቅም ዐሳቡ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ ነው። ስለዚህ በሸለቆው የሚኖር ሕዝብ ጤና የሌላ ነገር ትርፍ ሆኖ መጠበቅ የለበትም፤ ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ሊኖረው ይገባል።

ስለ ኢትዮጵያም በዚሁ ሚዛን መፍረድ ይቻላል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ. ም. ከቻይና ምድር አስወነጨፈች። ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ትልቁን ድርሻ የሸፈነችው ቻይና ናት። ያን ጊዜም «ዳቦ ሳይጠገብ ሳተላይት» የሚል ነቀፋ ተሰምቷል። ነገር ግን ከሰማይ የሚታይ ነገር ለአዋሽ ሰው ዳጉ ሊሆን እንደሚችል ኋላ ታይቷል። በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ ወራት በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፥ ታኅሣሥ 26 ቀንም ከ5 ተኩል የሚበልጥ ንውጥውጥታ በደረሰ ጊዜ፥ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከአዋሽ ፈንታሌና ከአካባቢው ቀዬውን ለቅቆ ወጣ። የውጭ አገር ሳተላይቶች በራዳር ያነሡት ሥዕል፥ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ሰርጎ ምድሪቱን እንዴት እንደ ሰነጠቃት ለጠቢባኑ አሳየ። በእግሩ የቆመ ሰው ማየት ያልቻለውን ከላይ ያለው ዐይን አየ። ስለዚህ ሰማይን መመርመር ራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ኀጢአቱ አይቶ አለመናገር ነው።

ኢትዮጵያ ግን ሰው ወደ ጠፈር አልላከችም፤ ስለዚህ የጠፈር ተጓዥ አጥንት ዕዳ የለባትም። እርሱ የላኪዎቹ ዕዳ ነው፤ በመክፈላቸውም ሊነቀፉ አይገባም። የኢትዮጵያ ዕዳ የላከችው ሰው ባለበት ነው። እርሱም በሰመራ፥ በአዋሽ፥ በሚሌ፥ በዱብቲ ይገኛል። ስለ ሙቀት፥ ስለ ውሃና ስለ አጥንት የሚጠይቅ ምርምር ከሰመራ ዩኒቨርሲቲና ከዱብቲ ሆስፒታል አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ መንኰራኵር አያስፈልግም፤ የውሃ መመርመሪያ፥ የደም መመርመሪያ፥ ለብዙ ዓመት ሳይቋረጥ የሚያዝ መዝገብና የሚጽፍበት ታማኝ እጅ ይበቃል።

ሰማይን ማጥናትና ሥጋን መፈወስ እንደማይጣሉ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሕይወት ይመሰክራል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሳለ፥ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት፥ ስለ ሰማይና ስለ ብርሃናት በዘጠኝ ስብከት አስተማረ። ያው ባስልዮስ ከከተማው ውጭ ለድኾችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ ሠራ፤ በበሽታ ምክንያት ሰው የሚሸሻቸውንም ተቀበለ። ቀና ብሎ ኮከብ ያየ ዐይን ዝቅ ብሎ ቍስል ለማየት አልታከተም። ኮከብን ብቻ የሚያይ በቍስለኛው ላይ ይረግጣል፤ ቍስልን ብቻ የሚያይ ደግሞ የቍስሉን ምክንያት ሳያውቅ ዘመኑን በማሰር ይጨርሳል።

ቢሆንም ይህ ሁሉ ምክንያት የማይፈታው አንድ ነገር ይቀራል። ዛሬ ሌሊት በንዳድ የተያዘ ሕፃን የዐሥር ዓመት ምርምር አይጠብቅም። ለእርሱ የሚያስፈልገው መድኀኒትና የሚያደርሰው ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት ምርምር ይበልጣል የሚል ቢኖር ጨካኝ ነው። ደጉ ሳምራዊ አስቀድሞ ቍስሉን አሰረ፥ ዘይትና ወይን አፈሰሰ። ነገር ግን በዚያ አላበቃም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፥ የሚጐድለውንም በመመለሻው እንደሚከፍል ቃል ገባ። ያ ቃል ለነገ የተመደበ ገንዘብ ነበረ። ለዛሬ የሚሰጥና ለነገ የሚመድብ እጅ አንድ እጅ ሲሆን ቸርነት ሙሉ ይሆናል።

እንግዲህ የምደባ ደብዳቤ የሚፈርም ሹም፥ በጀት የሚያጸድቅ አማካሪ፥ ካህን ወደ ቆላ የሚልክ ጳጳስ፥ ሠራተኛ ወደ በረሃ የሚወስድ ባለ ኩባንያ፥ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። መጀመሪያው፥ «ይህን ሰው የምልክበት ስፍራ በሥጋው ላይ ምን እንደሚያደርስ አውቃለሁን? ካላወቅሁስ እንዲታወቅ ምን መድቤአለሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «በዚያ ስፍራ ያለው ባለ አገር ካወቅሁት ነገር ምን ይደርሰዋል?» የሚል ነው። ለነዚህ መልስ ያለው ላኪ ተላኪው በሰማይም ቢሆን በሰመራም ቢሆን ዕዳውን መክፈል ጀምሯል። መልስ የሌለው ግን ያስያዘውን ደብዳቤ መልሶ ያንብበው፤ የኦርዮ ደብዳቤ ሊሆን ይችላልና።